ጠያቂ የሌለው ባል

«ተጠያቂነት» የቢሮ ቃል ሆኖብናል። ስብሰባ ላይ «ግልጽነትና ተጠያቂነት» ተብሎ ሲነበብ አዳራሹ ማዛጋት ይጀምራል። ሥሩ ግን ከቢሮ የመጣ አይደለም። በአማርኛ መጠየቅ መልስ መፈለግ ብቻ አይደለም፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች፣ ለዘመድ ጥየቃ ወንዝ ይሻገራል። ስለዚህ «ጠያቂ የለውም» የሚለው አነጋገር ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው የልብ ልብ የተሰማው ሰው «ማን ሊጠይቀኝ!» ብሎ ይፎክርበታል። በሌላው ሆስፒታል ተኝቶ ማንም ብቅ ላላለለት ሰው ይታዘንበታል። ሁኔታው ግን ያው አንድ ነው።

ይህን የማነሣው ስለ ክርስቲያን ባል ለመጻፍ ነው። ክርስቲያን ስል ኦርቶዶክሱንም፣ ካቶሊኩንም፣ ጴንጤውንም ማለቴ ነው። በብዙ ነገር የማይስማሙት እነዚህ ቤቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ይመሳሰላሉ። ሰርጉ ላይ ሁሉም ስለ ቃል ኪዳን ያስተምራሉ፤ ሁሉም ባልን የቤቱ ራስ ይሉታል። «ራሱንስ ማን ይጠይቀዋል?» የተባሉ እንደሆነ ደግሞ ከሁሉም የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ አንድ ነው፦ እግዚአብሔር።

መልሱ ትክክል ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ስህተት ቢሆን ኖሮ አንዱ ተነሥቶ ያርመው ነበር። ትክክል በመሆኑ ግን ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል። ሚስት «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» ወይም «ትናንት ማታ የት ነበርክ?» ብላ ጠይቃ፣ ባል «እኔ የምጠየቀው በፈጣሪዬ ፊት ነው» ብሎ ሲመልስ፣ ሰሚ ሁሉ እግዚአብሔርን ፈሪ ሰው ነው ሊለው ይችላል። እሷ ግን ለጥያቄዋ መልስ አላገኘችም። የእግዚአብሔር ስም በመካከል ገብቶ ጠያቂዋን ከጥያቄዋ ጋር ከክፍሉ አስወጥቷታል።

ቃል መግባት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ካሰቡት ፈላስፎች አንዷ ሐና አረንት ናት። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው «የሰው ልጅ ሁኔታ» በሚለው መጽሐፏ ቃል መግባትንና ይቅርታን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ሁለቱም ብቻውን ባለ ሰው ዘንድ ሕይወት እንደሌላቸው ታሳያለች። ሰው ራሱን በራሱ ይቅር አይልም፤ ለራሱ ብቻ በገባው ቃልም አይታሰርም። ቃል የሚጸናው የተገባለት ሰው ስላለ፣ ያም ሰው «ብለኸኝ ነበር» ለማለት ስለሚችል ነው። አረንት ይህን የጻፈችው ስለ ፖለቲካ እንጂ ስለ ትዳር አይደለም። ለትዳር ግን እንደ ልክ ልብስ ይስማማዋል። ቃል የተገባላት ሴት መጠየቅ ከተከለከለች ወይም ከፈራች፣ ባልየው ቃሉን ባያፈርስ እንኳ ቃሉ ቃል መሆኑ ቀርቷል። እንደ ፈቃዱ የሚያደርገው ወይም የሚተወው የራሱ ልማድ ሆኗል።

አማኝ አንባቢ እዚህ ላይ «ቃሉን የገባነው በእግዚአብሔር ፊት አይደለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ነው። ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት መግባትና ለእግዚአብሔር መግባት አንድ አይደሉም። ስለት ለእግዚአብሔር ይገባል። የጋብቻ ቃል የሚገባው ለእሷ ነው፤ እግዚአብሔር የሚጠራው ምስክር እንዲሆን ነው። በዚህ ላይ ትንቢተ ሚልክያስ እንደ ዛሬ ነገር ግልጽ ነው። በምዕራፍ 2 ላይ ወንዶቹ መሠዊያውን በእንባ ይሸፍኑታል፤ መሥዋዕታቸው ግን ተቀባይነት አጣ፤ ለምን እንደሆነም ይጠይቃሉ። የሚሰጣቸው መልስ እግዚአብሔር በእነሱና በልጅነት ሚስቶቻቸው መካከል ምስክር መሆኑን ይነግራቸዋል። ነገሩን እንደ ችሎት አድርገን ብናየው፣ ባልየው ጉዳዩ ለብቻው እንዲታይለት ወደ ዳኛው ክፍል ሲገባ ዳኛው ስለ ሚስቱ የምስክርነት ቃል ሲሰጥ ያገኘዋል። ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ የሚመክርበት አንዱ ምክንያት ጸሎታቸው እንዳይሰናከል ነው። በመጽሐፉ መሠረት ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል፤ አቋራጭ የለውም።

በተቃራኒው የሚጠቀስ አንድ ከባድ ቦታ አለ፤ የዳዊት መዝሙር 50 (በሌላው ቁጥር 51)። በየቀኑ የሚጸልዩት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ንስሐ ከተባለ ከዚህ በላይ የታወቀ ጸሎት በቤታችን የለም። ዳዊት በዚያ ጸሎት በደሉ በእግዚአብሔር ላይ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ኦርዮስስ? ወደ ቤተ መንግሥት የተወሰደችው ቤርሳቤህስ? መምህራን ይህን በልዩ ልዩ መንገድ ያብራሩታል፤ ኃጢአት ሁሉ በመጨረሻ በሕግ ሰጪው ላይ ነው የሚለው ማብራሪያ ክብደት አለው። እኔን ግን እንደ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚስበኝ ጸሎቱ ከምን በኋላ እንደመጣ ነው። ዳዊት በራሱ አልባነነም። ልጁ እስኪወለድ ድረስ ቆይቷል። ነቢዩ ናታን ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድኻ ተረት ነግሮ፣ በራሱ አፍ አስፈረደበት። መዝሙሩ የናታን ጥየቃ ፍሬ ነው። ናታንን ዘሎ መዝሙሩን ብቻ የሚወስድ ባል ግማሹን ታሪክ ነው የያዘው።

ታዲያ የእኛ ናታኖች እነማን ነበሩ? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ባህላችን ከምናስበው በላይ በጉዳዩ ላይ ተጨንቆበት ነበርና።

በአገራችን የክርስቲያን ጋብቻ ዋና ዋና መልኮች ሁለት ነበሩ፦ ቁርባንና ሰማንያ። በቁርባን የተጋቡ ሁለቱም ሥጋውና ደሙን ተቀብለው ይተሳሰራሉ፤ መፍታትም አይቻልም ማለት ይቻላል። ካህናቱ በዚህ ሲጋቡ ብዙው ሕዝብ ግን ይፈራው ነበርና እስኪያረጅ ያቆየዋል። ወጣቶቹ የሚጋቡት በሰማንያ ነው። ዛሬም ማዘጋጃ ቤት ሄደው የሚፈራረሙት ወረቀት በዚሁ ስም ይጠራል። የቀድሞው ሰማንያ ግን ፊርማ ብቻ አልነበረም። ዋስ ነበረው። በሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፤ ቃሉ ቢፈርስ የሚያዝ፣ ስም ያለውና ቤቱ የሚታወቅ ሰው። ባልየው ቃሉን ሲያጥፍ የሚያፍረው ለብቻው አልነበረም ማለት ነው፤ በእሱ ምክንያት በገበያ መሐል አንገቱን የሚደፋ ሌላ ሰው ነበረ።

ከዋሱ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ሚዜ ነው። ዛሬ ሚዜ ማለት ተመሳሳይ ሱፍ ለብሶ ፎቶ የሚነሣ የሙሽራው ጓደኛ ነው። በገጠሩ ልማድ ሚዜ ከሙሽሪት ቤተሰብ ፊት ወንድም ሊሆናት ቃል ይገባ ነበር። ከማታውቀው ሰው ጋር ወደማታውቀው ቤት የምትሄድ ልጅ በመንገድ የሚያጽናናት፣ ባሏ የበደላት እንደሆነ አቤት የምትልበት እሱ ነው። ነገሩን ልብ በሉት። የባልየው የቅርብ ጓደኛ፣ ምስጢሩንና ድክመቱን የሚያውቀው ሰው፣ በሰርጉ ዕለት ወደ እሷ ወገን ይዛወራል። እናትና አባቷ «አደራ» የሚሉት ባልየውን ብቻ አይደለም፤ ሚዜውንም ነው። አደራ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከውል ይጠብቃል። ውል ያፈረሰ ይከሰሳል፤ «አደራ በላ» የተባለ ግን ስሙ ለልጅ ልጆቹ ይተርፋል።

ይህን ሁሉ ስል ያ ዘመን ለሴት ይመች ነበር ማለቴ አይደለም። ያ ሚዜ ያስፈለገው ሙሽሪት ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ብዙ ጊዜም ያልተጠየቀች ስለነበረች ነው። ሽምግልናው የወንዶች ነበር። ሚስት ተደብድባ ወላጆቿ ዘንድ ብትመጣ ሽማግሌው ተሰብስቦ «ቻይው የኔ ልጅ፣ ትዳር እኮ እንዲህ ነው» ብሎ የሚመልሳት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። «ገመና» የሚለው ቃላችንም ብዙ ጊዜ የሸፈነው የባልን ነው። ሕጉም ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ያ የተቀየረው በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል ሲያደርግ ነው፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንም ከቤተ ዘመድ ሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት ዞረ። እኔ በዚህ ለውጥ ደስ ከሚላቸው ወገን ነኝ። አያቶቻችን ብዙ ነገር ቢያበላሹም አንድ ነገር ግን ገብቷቸው ነበር፦ ባል ብቻውን ሆኖ ቃሉን ይጠብቃል ብለው አያምኑም ነበር።

ከአገር ስንወጣ ምን ይዘን ወጣን? የቤቱ ራስ የሚለው ማዕረግ ከእኛ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሯል። ዋሱ፣ ጎረቤቱ፣ እድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ አጥር ተሻግራ ድምፅ የምትሰማው አክስት ቀርተዋል። እርግጥ ቤተ ክርስቲያን አለ። ግን የነፍስ አባት ሌላ ግዛት ወይም ሌላ አህጉር ሆኖ በስልክ የሚገኝ፣ ባልየው የነገረውን ብቻ የሚያውቅ አባት ከሆነ ሰነበተ። ፓስተሩም እሑድ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያየው የተተኮሰ ሸሚዝና የሚስቁ ልጆችን ነው። ዋሽንግተንም፣ ስቶክሆልምም፣ ፍራንክፈርትም አንድ ሰው ለዓመታት አገልጋይ፣ ዘማሪ፣ የሕንፃ ኮሚቴ አባል ሆኖ ቆይቶ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ሳይኖር ሊኖር ይችላል። ሐሜት ቀርቶልናል፤ ጥየቃም አብሮ ቀርቷል።

አሜሪካኖቹ ይህንኑ ባዶነት በራሳቸው መንገድ አስበውበታል። የእኛም ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መልሱን ከእነሱ ስለወሰዱ ማየቱ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1990 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አሠልጣኝ የነበረው ቢል ማካርትኒ ፕሮሚስ ኪፐርስ የሚባል የክርስቲያን ወንዶች እንቅስቃሴ መሠረተ፤ ስሙ «ቃል ጠባቂዎች» ማለት ነው። ወንዶች ስታዲየም ሞልተው ሰባት ቃሎችን ይገቡ ነበር፤ ከእነሱም አንዱ ስለ ትዳር ነው፤ ሌላው ደግሞ ወንድ ቃሉን እንዲጠብቅ የሚረዱት ጥቂት ወንድሞች እንደሚያስፈልጉት የሚናገር ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1997 በዋሽንግተን አደባባይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ተሰብስበው በግንባራቸው ተደፍተው ጸለዩ። ዛሬ በአበሻ አብያተ ክርስቲያናትም የምናያቸው «የአካውንተቢሊቲ ግሩፕ» የሚባሉ የወንዶች ስብስቦች የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ሦስት አራት ወንዶች ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዘው ይገናኛሉ፤ ምን እንዳዩ፣ የት እንደወደቁ ይጠያየቃሉ። ስልክ ላይ ተጭኖ ባለስልኩ ያየውን ሁሉ ለጓደኛው የሚያቀብል ሶፍትዌር ሳይቀር ወጥቷል።

አልንቅም። ወንድ ለወንድ ልቡን መክፈት በእኛ ቤት ብርቅ ነው፤ «እንዴት ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን ሠላሳ ዓመት የምንኖር ሰዎች ነንና። ሶፍትዌሩን ግን ከዚህ ለይቼ ነው የማየው። የሚጠበቅ ሰውና የሚጠየቅ ሰው ይለያያሉ። እስረኛ ይጠበቃል፤ መልስ እንዲሰጥ ግን አይፈለግም፤ እንዳያመልጥ ብቻ ነው። የስልክ መክፈቻ ቁጥር መለዋወጥን የታማኝነት መጨረሻ አድርገው የያዙ ባለትዳሮች፣ አንዳቸው በሌላው ላይ ዘበኛ ከመሆን አልፈው አልሄዱም።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። በዚያ የቡና ጠረጴዛ ላይ ያልተቀመጠችው ማን ናት? ቃሉ የተገባላት። ባልየው ለሦስት ወንዶች ይናዘዛል፤ ሦስቱ ጭንቅላት ይነቀንቃሉ፣ ይጸልያሉ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ያኖራሉ፤ እሱ ቀልሎት ወደ ቤቱ ይገባል። እሷ ምንም አታውቅም። ከድሮው ሚዜ ጋር አስተያዩት። ያኛው የባል ጓደኛ ወደ እሷ ወገን ይሻገር ነበር፤ ይህኛው በእሱ ወገን ይቀራል።

የማካርትኒ የራሱ ታሪክ እዚህ ላይ ከእንቅስቃሴው ሁሉ የበለጠ ያስተምረኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 ገና የብዙ ዓመት ውል እያለው፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ ከአሠልጣኝነቱ ለቀቀ። እንደተናገረው፣ አንድ እንግዳ ሰባኪ ቤተ ክርስቲያናቸው መጥቶ የአንድን ወንድ ማንነት ማወቅ ከፈለጋችሁ የሚስቱን ፊት እዩ የሚል ትምህርት ሲያስተምር ሰማ፤ ዞሮም ሚስቱን ሊንዲን አየ። በፊቷ ላይ ያየው ሥቃይ ነበር። በኋላ እሷ ራሷ በአደባባይ እንደተናገረችው፣ ምግብ እያስመለሰች ክብደቷ በእጅጉ ሲቀንስ እንኳ እሱ ልብ አላለም ነበር። ልብ በሉ፦ ይህ ሰው በዚያው ሰሞን ወንዶች ቃላቸውን እንዲጠብቁ ለማስተማር ስታዲየም የሚሞላ ነበር። ወንድሞች በዙሪያው ሞልተው ነበር። የሚጠይቀው አልጠፋም፤ የእሷን ፊት አይቶ የሚጠይቀው ነው የጠፋው።

መናዘዝ ብቻውን መጠየቅን እንደማይተካ ሥነ ጽሑፍም ያውቃል። በቶልስቶይ «አና ካሬኒና» ውስጥ ሌቪን ከሰርጉ በፊት ለእጮኛው ለኪቲ የማስታወሻ ደብተሩን ይሰጣታል፤ ያለፈ ሕይወቱን ሁሉ እንድታውቅ። ኪቲ አንብባ ታለቅሳለች፤ ትሰብራታለች፤ ይቅርም ትለዋለች። ቶልስቶይ ይህን ከራሱ ሕይወት ነው ያመጣው። እ.ኤ.አ. በ1862 የ34 ዓመት ሰው ሆኖ የ18 ዓመቷን ሶፊያን ሲያገባ ይህንኑ አድርጓል፤ እሷም በራሷ ማስታወሻ ለዓመታት ቁስሉን ስታነሣው ኖራለች። ብዙ አንባቢዎች ሌቪንን ስለ ግልጽነቱ ያደንቁታል። እኔ ስለ ጊዜ አመራረጡ አስባለሁ። አስቀድማ ታጭታለች፤ ደብተሩ የሚመጣው እሷ «አይሆንም» ለማለት በጣም በሚከብዳት ሰዓት ነው። ተናዛዡ ሸክሙን ያወርዳል፤ የሚያወርደው ግን በእሷ ላይ ነው። እሷ ጠይቃ ያገኘችው መልስ አልነበረም፤ እሱ ሊገላገለው የፈለገው ነገር ነው። ዛሬም «ሁሉንም ነግሬሻለሁ እኮ፣ ምን ቀረሽ?» የሚል ባል አለ። የነገራት እሱ በመረጠው ቀን፣ እሱ በመረጠው መጠን፣ ይቅርታውም በዚያው ምሽት እንዲሰጠው ሆኖ ነው።

የተገላቢጦሹም ሁኔታ አለ፤ ስለ ትዳር ስናወራ ሁልጊዜ ባል ሠርቶ አምጪ፣ ሚስት ቤት ጠባቂ አድርገን ስለምናስብ ይረሳናል። ጅዳ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ሚስት፣ አገር ቤት ደግሞ ልጆቹን ይዞ የተቀመጠ ባል። ደሞዟን ትልካለች። ብሩ ለቤት መሥሪያ፣ ለልጆች ትምህርት፣ እሷ ስትመለስ ለሚከፈት ሱቅ ነው፤ ቢያንስ በስልክ የተባለው እንዲያ ነው። ብዙ ባል ያችን ብር እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። ተመልሳ ስትመጣ ቤትም፣ ገንዘብም፣ አንዳንዴ ባልም ያጣች ሴት ታሪክ ግን ከእኛ መሐል ያልሰማ የለም። ለዚህ ሰው የወንዶች ጸሎት ቡድን አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ደብተር ነው፤ የገባና የወጣ የተጻፈበት፣ እሷ ስትጠይቅ የሚነበብላት። «እሱ አባወራ ነው፣ እንዴት በብር ይጠየቃል?» የሚል ዘመድ ቢኖር፣ የሌላውን አደራ የያዘ ሰው ወንድም ሆነ ሴት ይጠየቃል እንጂ ሌላ ምን ይባላል? እዚህ ጉዳይ ላይ ስብከት ለመስበክ የሚቸኩል ቤተ ክርስቲያን የዳዊትን ንስሐ ሳይሆን የዘኬዎስን ያስቀድም፤ እሱ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ነው ቃል የገባው።

«ሴቷስ አትጠየቅም ወይ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ርዕስ ላይ አፍ በተከፈተ ቁጥር ይመጣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። እሷም ቃል ገብታለች፤ እሱም ጠያቂዋ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ባል የቤቱ ራስ ነው ብሎ ያመነ ሰው መሆኑ ይገርመኛል። ራስነትን ከተቀበልክ ተራውንም ተቀበል። በዘፍጥረት ታሪክ ሁለቱም በሉ፤ የት እንዳለ ተጠርቶ የተጠየቀው ግን በመጀመሪያ አዳም ነው። መልሱንም እናውቃለን፦ ወደ ሴቲቱ ጠቆመ፤ እሷን ወደሰጠው አምላክም ጭምር ጠቆመ። «ሴቷስ?» ዕድሜው ረጅም ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም ራስነቱን አልካደም፤ ግን አገልጋይ በፍርሃት ሊያዝ ይችላል፣ እሱም ቢሆን ያመልጣል፤ የሕይወት አጋርን ግን በፍርሃትና በዛቻ ሳይሆን በፍቅር ነው ማሰር የሚገባው ብሎ ባሎችን ያስተምራል። ሚስቱ ስለምትፈራው ጥያቄ የማይቀርብለት ባል በአፈወርቅ መለኪያ የቤቱ ራስ ሳይሆን የቤቱ ሥጋት ነው።

የማከብረው አንድ የዲያቆን ጓደኛዬ ይህን ሐሳብ ስነግረው «ቤቱን ፍርድ ቤት ልታደርገው ነው» አለኝ። በየቀኑ መስቀለኛ ጥያቄ የሚቀርብበት ቤት ማን ይኖርበታል? ልክ ነው፤ ለዚህም ነው በቃሉ የጀመርኩት። የታመመን የሚጠይቅ ሰው አይመረምርም። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ዳቦ ያመጣል፣ «እንዴት አደርክ?» ይላል፤ በሽተኛው ከፈለገ ይናገራል። ወንዶች ተጠያቂነትን ሲሰሙ ቶሎ የሚታያቸው ችሎት ነው፤ ጥየቃ የሚያስፈልገው ሕመምተኛ መሆናቸው አይታያቸውም። ከሚስቱ ጥያቄ የሚሸሽ ባል ከሚያስጠይቀው ብቻ ሳይሆን ከሚጠይቀውም ነው የሚሸሸው። በአሜሪካ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ፣ የአገር ቤቱን ማዕረግ አጥቶ፣ ማንም «አንተስ?» ሳይለው ዓመታት ያለፉበት ወንድ ጥቂት አይደለም። ዝምታው በቤቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ አያጠያይቅም፤ በእሱም ላይ የሚያደርገው አለ።

ከባዱ ነገር እሷ ዝም ስትል ነው። ጠያቂዋ እሷ ናት ማለት ቀላል ነው፤ መጠየቅ ግን አቅም ይፈልጋል። የመኖሪያ ወረቀቷ በባሏ በኩል የተያዘ፣ ቋንቋው ያልገባት፣ እናቷ በስልክ «ቤትሽን አታፍርሺ» የምትላት፣ ሰዎች ቢሰሙ የልጆቿ ስም የሚነሣባት ሴት ምን ብላ ትጠይቅ? ስለዚህ ሽማግሌም ሆነ ቄስ ሆነ ፓስተር ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «እስቲ ተናገሩ» ማለቱ ብዙም አይጠቅማትም፤ በዚያ ወንበር ላይ የምትናገረውን ማታ ቤት ይዛው ትገባለችና። መጀመሪያ እሷን፣ ለብቻዋ፣ እሱ በሌለበት መስማት ያስፈልጋል፤ ብትችል ደግሞ ሴት በሰማቻት። ዱላ ካለበትም ነገሩ የሽማግሌ መሆኑ አብቅቷል፤ የፖሊስና የሐኪም ነው፤ «ቻይው» የሚለው ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ሊነገር አይገባም።

ሚዜነትን እንደ ቀድሞው እናምጣው አልልም፤ ሙሽሪትም እንደ ቀድሞዋ አይደለችም። ግን ዘንድሮ በየአዳራሹ ሱፍ ለብሰው ከሚቆሙት ወንዶች መካከል ከሰርጉ ስድስት ወር በኋላ ለሙሽራው ሳይሆን ለሙሽሪት የሚደውል ስንት አለ? አንዳንዱ ቁጥሯም የለው። ቢደውል መጀመሪያ ትደነግጣለች። ከዚያ «ደህና ነን» ትለዋለች፤ ሁሌም «ነን» ነው። «አንቺስ?» ብሎ ዳግመኛ መጠየቁ፣ ለመልሱም ስልኩን ሳይዘጋ መቆየቱ የእሱ ድርሻ ነው።